አራሷን የሚያጥባት ማን ነው? ከወሎ ደጋ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ የሆነው በወሎ ደጋ፣ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። የአራሷን ስምና ቀበሌ፣ የጤና ጣቢያውንም ስም አልጽፍም። አገሩ ጠባብ ነው፤ ሰው ይተዋወቃል። እሷም ታሪኳ እንዲነገር የፈቀደችው ሌላዋን እናት ይጠቅማል ብላ ነው። እኔ በዚያ ጠዋት ተረኛ የነበርኩ አዋላጅ ነኝ።

ነገሩ ስለ መታጠብ ነው። ስለ ምጥ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ደም ግፊት ብዙ እንማራለን። አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ባሉት ሰዓታት ማን ያጥባታል? በምን ውሃ? የት? ይሄ ግን «የቤተሰብ ጉዳይ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ እንዲታለፍ አልፈልግም። አራስን የሚያጥብ ሰው ደሟን የሚያይ ሰው ነው። ማንም ካላጠባት፣ ማንም አላያትም።

ሌሊቱ

ክረምት ነበር፣ ነሐሴ መግቢያ። ደጋው በጉም ተሸፍኖ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ምጥ የያዛት ማታ ነው። ከቤቷ እስከ መኪና መንገድ የሰፈር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣት፤ ከዚያ አምቡላንስ ተቀበላት። ሁለተኛ ልጇ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 3.1 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ ተገላገለች።

የሌሊቷ ባልደረባዬ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። ልጅቷ እንደወጣች በ1 ደቂቃ ውስጥ ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ በመርፌ ተሰጥቷታል። እንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል። ብልቷ አካባቢ ትንሽ መሰንጠቅ ነበር፤ ስለማይደማ መስፋት አላስፈለገውም። ለ2 ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው ማህፀኗ ተዳስሷል፣ ደሟ ታይቷል። ሁሉም ደህና ነበር። ሕፃኗም ገና 1 ሰዓት ሳይሞላት ጡት ይዛለች። ከዚያ እናቲቱ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ባልደረባዬም ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ስለመጣችባት ወደ ማዋለጃው ክፍል ተመለሰች። በሌሊት ተረኛዋ አንዲት ብቻ ናት።

አራሷ ብቻዋን አልነበረችም። እናቷና አማቷ አብረዋት አድረዋል። እናቷ «ማርያም ደረሰችልሽ» ይላሉ፣ አማቷ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ወሎ ነውና ይሄ ማንንም አያስደንቅም። ሁለቱም በሚችሉት ሁሉ ተንከባክበዋታል። እናቷ ሆዷን በመቀነት ጠበቅ አድርገው አስረዋል፤ «ሆድ እንዳይላላ» ነው። በሁለት ጋቢ ሸፍነዋታል። ከሥሯ አሮጌ ነጠላ አጥፈው አነጠፉላት። ነጠላው ሲርስ ግን እርጥቡን አላወጡትም። እንዳያንቀሳቅሷት፣ እንዳይገልጧት ብለው ሌላ እጥፋት ደረቡበት። ሲርስ ደግሞ ሌላ። ትራሷ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ ነበር፤ አራስ ያለ ብረት አትተኛም።

ሊነጋጋ ሲል ነቃች። ለመታጠብ ጠየቀች። በቃሬዛ ስትመጣ ዝናብ መቷታል፤ ላብ፣ የቤት ጢስ፣ የሽርት ውሃ፣ ጭኗ ላይ የደረቀ ደም አለ። «ሰውነቴ ቀፈፈኝ» አለች። እናቷ ፈሩ። «አራስ በዚህ ውርጭ አትታጠብም። ብርድ ከገባት አይወጣም። ፀሐይ ትውጣ» አሏት። ዝም አለች።

ሽንቷም መጥቶ ነበር። ይህንን የነገረችን በኋላ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ጀርባ፣ ጭቃውን ተሻግሮ ነው። ሰው ማስቸገር አፈረች። ከምጡ በፊት ከሸናች ወዲያ አልሸናችም።

ጠዋት

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተረከብኩ። ካርዷ ላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው፦ ደም ግፊት 110/70፣ ማህፀን ጠንካራ፣ ደም መጠነኛ። ስለ ሽንት የተጻፈ የለም። ካርዱም ስለ መታጠብ የሚጠይቅ ቦታ የለውም።

የአራሶች ክፍል ስገባ አማቷ ተዘጋጅተው አገኘኋቸው። ሳፋ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ከዘበኛው ያስሞቁት ውሃ በጀሪካን አለ። ሊያጥቡ የተነሱት ሕፃኗን ነው። ጨርቋን ፈትተዋታል።

«እማማ፣ ምነው በጠዋቱ?» አልኳቸው።

«ይሄን ነጭ ነገር ተቀብታ ሰው ፊት ትቅረብ እንዴ ልጄ? አባቷ እየመጣ ነው» አሉኝ።

የሕፃኗን ሙቀት ለካሁ፤ 36.2 ነው። የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት። ገና ሳትታጠብ፣ ተገልጣ ስለቆየች ብቻ ቀዝቅዛለች። ቴርሞሜትሩን አሳየኋቸው። ነጩ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፤ ገና በሆድ ሳለች ቆዳዋን የጠበቀላት ነው፣ አሁንም ይጠብቃታል፣ ራሱ ይደርቃል አልኳቸው። ደም ካለባት በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፤ መታጠቡ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። የግድ ቀደም ብሎ ይታጠብ ከተባለ እንኳ ከ6 ሰዓት በፊት አይሆንም።

ከዚያ ውሃውን አየሁት። ሞቆ ተዘጋጅቷል። «እማማ፣ ይሄ ውሃ ለእናቲቱ ይሁን» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ ቤት የማየው ነገር ነውና። ሕፃኑ ቶሎ ይታጠባል፣ እናቲቱ ትቆያለች። መሆን የሚገባው ግን ተቃራኒው ነው። ሕፃኑ ከሙቀት ወደ ብርድ የወጣ ፍጥረት ነው፤ ራሱን ማሞቅ ገና አልለመደም፤ ውሃ ሲነካው ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል። እናቲቱ ደግሞ ደምና ቁስል አለባት፤ ንጽሕና የሚያስፈልጋት እሷ ናት። ፍቅሩ አለ፣ ውሃውም አለ፤ የሄደው ግን ወዳልታሰበው ሰው ነው።

እናቷ አሁንም ስለ ብርድ ተጨነቁ። «ቁጭ አናደርጋትም፣ አንገልጣትም፤ ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ክፍል በክፍል እያደረግን እናጥባታለን፤ እርስዎ ይርዱኝ» ስላቸው ተስማሙ። በሩን ዘጋን። መቀነቷን ለመፍታት ጋቢውን ገለጥኩ።

እጇ ቀዝቅዟል፣ ግንባሯ አልቧል። መቀነቱ ሲፈታ ማህፀኗን ዳሰስኩ። ከወሊድ በኋላ ማህፀን እምብርት አካባቢ ወይም ከእምብርት በታች ሆኖ እንደ ግንባር ጠንካራ ሆኖ ነው የሚገኘው። የሷ ከእምብርቷ በላይ ወጥቷል፣ ወደ ቀኝ ተገፍቷል፣ ለስልሷል። ከሥሯ የተነጠፈውን ነጠላ ሳወጣው ከላይ የሚታየው እጥፋት ትንሽ ነው የነካው። ከሥሩ ያሉት ግን በሙሉ በደም ርሰው ነበር። የረጋ ደምም አለ።

እናቷ «ወይኔ ልጄን» አሉ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ነበሩ።

ሽንቷ ነው

የልብ ምቷ በደቂቃ 112፣ ደም ግፊቷ 100/60 ነበር። ረዳት ጠራሁ። ማህፀኗን እያሸሁ «ሽንት ሸንተሻል?» አልኳት። «አልሸናሁም ሲስተርዬ» አለች።

የሽንት ፊኛ ሲሞላ ማህፀንን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋዋል፤ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ከወሊድ በኋላ ደም የሚቆመው ማህፀን ሲኮማተር ነው፤ እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ ያሉት የደም ሥሮች በጡንቻው ተጨምቀው ይዘጋሉ። ማህፀኑ ከላላ ደሙ መፍሰሱን ይቀጥላል። ጎርፍ ሆኖ ላይመጣ ይችላል። እንደዚህ በዝምታ፣ በጨርቅ ላይ ጨርቅ እየተደረበበት፣ ለሰዓታት ሊፈስ ይችላል።

ከአልጋዋ ሳትወርድ ፖፖ ሰጠናት። መጀመሪያ እምቢ አላት። ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦ፣ ልናዘጋጅ ስንል ያ ለሕፃኗ የሞቀው ውሃ ጠቀመን። በጆግ ቀስ እያልኩ ብልቷ ላይ አፈሰስኩላት። ሞቅ ያለ ውሃ ሽንትን ያመጣል፤ ሰንጠቅ ካለም ሽንቱ ሲነካው ያለውን ማቃጠል ይቀንሳል። ሸናች። በጣም ብዙ ነበር፤ ከ800 ሚሊ ሊትር አልፏል። ማህፀኗ እጄ ሥር ወረደ፣ ጠነከረ። የረጋ ደም ወጣ፣ ከዚያ ፍሰቱ ቀነሰ።

ተጨማሪ ኦክሲቶሲን ሰጠናት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ቀጠልንላት። ብልቷን በብርሃን አየን፤ ሰንጠቁ አይደማም። የእንግዴ ልጁ መዝገብ ሙሉ ነው ይላል። ደም እንዲቆም የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት የሚሰጠው ከወሊድ በኋላ 3 ሰዓት ሳያልፍ ስለሆነ፣ ያ ጊዜ አልፎብናል። የአምቡላንስ ሹፌሩን ደውለን ዝግጁ አደረግነው። ደሙ ካልቆመ ወደ ደሴ ልትሄድ ነው፤ በክረምት መንገድ ያ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨርቆቹን አልጣልናቸውም። በፕላስቲክ አድርገን በሕፃን ሚዛን መዘንናቸው፤ ከዚያ ተመሳሳይ ደረቅ ነጠላ መዝነን ቀነስን። 1 ግራም ወደ 1 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ከ500 ሚሊ ሊትር አለፈ። ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስ የደም መፍሰስ አደጋ ተብሎ የሚያዝ ነው። በዓይን ብቻ ብገምት ግን ግማሹን ነበር የምለው። ጨርቅ ደም ይደብቃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ ኢ-ሞቲቭ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በ80 ሆስፒታሎች፣ ከ200,000 በላይ ወላዶች ላይ ተሠርቷል። ከወላዷ ሥር መለኪያ ያለው ፕላስቲክ ተነጥፎ ደሙ ይጠራቀማል፤ መጠኑ በዓይን ይታያል፤ ሕክምናውም ወዲያው በአንድ ላይ ይጀመራል። በዚህ መንገድ ከባድ የደም መፍሰስ፣ በዚያ ምክንያት የሚመጣ ቀዶ ሕክምናና ሞት ተደምሮ በ60 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቶቹ አዲስ አይደሉም። ለውጡን ያመጣው ደሙን በጊዜ ማየትና ወዲያው ማከም ነው። እኛ ያ ፕላስቲክ የለንም። ያለን ዓይናችንና የአራሷ እናት ናቸው።

እንዴት እንዳጠብናት

ደሙ ቀንሶ የልብ ምቷ 96 ሲሆን ማጠቡን ቀጠልን። «አሁን ትረፍ» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። እኔ ግን ርሳ፣ ቀፍፏት፣ ቀዝቅዛ መተኛቷ እረፍት አይመስለኝም። ደግሞም ስናጥባት እያየናት ነው።

አማቷ ሕፃኗን ከደረታቸው ጋር ቆዳ ለቆዳ አድርገው አቀፏት፤ ከላይ ጋቢ ለበሱ። እናቲቱ እስክትታጠብ ድረስ ሙቀቷን የሚሰጣት ሰው ያስፈልጋታል። «አብሽሪ፣ እኔ አለሁ» ይሏታል ለሕፃኗ።

ውሃ ጨመርን። ገንፎ የሚገነፋበት ክፍል ምድጃው ከሰል አያጣም፤ እዚያ ሞቀ። በክርኔ ለካሁት፤ ለብ ከማለት ትንሽ ሞቅ ያለ፣ የማያቃጥል። ሁሉም እጁን በሳሙና ታጠበ። እናቷ «እኔማ እናቷ ነኝ» አሉ፤ ቢሆንም ይታጠቡ አልኳቸው። እዚህ ላይ ግትር ነኝ። በ1847 በቪየና ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ሴመልቫይስ ሐኪሞችና ተማሪዎች ወላዶችን ከመንካታቸው በፊት በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ ሲያደርግ በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር ወዲያው ወርዷል። ጀርም የሚባለው ነገር ገና በወጉ ባልታወቀበት ዘመን ነው። ሐኪምም ሆነ እናት፣ እጅ እጅ ነው።

ከፊቷ ጀመርን። ከዚያ አንገት፣ ብብት፣ ክንድ። አንዱ ክፍል ሲታጠብ ሌላው ተሸፍኗል፤ የታጠበው ወዲያው ደርቆ ይሸፈናል። ጡቷን በውሃ ብቻ አጠብን። የጡት ጫፍ ሳሙና አያስፈልገውም፤ ያደርቀዋል፣ ያሰነጥቀዋል። ጀርባዋን ራሳቸው እናቷ አሹላት። ይሄኔ ነው አራሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና «እሰይ» ያለችው።

እግሯን ካጠብን በኋላ በመጨረሻ ብልቷን፣ በሌላ ውሃና በሌላ ጨርቅ። ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ከፊንጢጣ ወደ ብልት መመለስ ጀርም ይወስዳል። ውሃው ከላይ ይፈሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ጣትም፣ ጨርቅም፣ መድኃኒትም ወደ ውስጥ አይገባም። በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ እየተጫንን አደረቅነው፤ አላሸነውም። ከዚያ ንጹሕ ሞዴስ፣ ንጹሕ ቀሚስ፣ ደረቅ አንሶላ። አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች፤ መፋቂያም አማቷ ይዘው ነበር።

መቀነቱን አልመለስነውም። እናቷን ያሳዘናቸው ይሄ ነው። ሆዷን የምናየውና የምንዳስሰው እኛ ነን፣ ቢያንስ ዛሬ ይቆይ አልኳቸው። ላላ አድርጋ ወገቧ ላይ ልታስረው እንደምትችል፣ ማህፀኗን ግን መጨበጥና መደበቅ እንደሌለበት ተነጋገርን። ማህፀኗን ራሳቸው እንዲዳስሱት እጃቸውን ይዤ አሳየኋቸው። «ይሄ ከለሰለሰ ጥሩኝ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከኔ በላይ ነው የዳሰሱት።

ቢላዋውን አልነካሁትም። ማንንም አይጎዳም።

ስለ ብርድ

የእናቷን ፍርሃት ማቃለል አልፈልግም። ደጋ ያለ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከወለዱ በኋላ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው፤ ደም የፈሰሳት ሴት ደግሞ ቶሎ ትበርዳለች። ስለዚህ «አራስ ብርድ አይንካት» የሚለው ከባዶ የመጣ አይደለም። የሚጎዳው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍል፣ እርጥብ ልብስ ነው። የሞቀ ውሃና የተዘጋ በር አይጎዳም። እንዲያውም የሚያበርዳት ያ ከሥሯ የነበረው እርጥብ ነጠላ ነው። ይሄን ስላቸው እናቷ ወዲያው ገባቸው።

«አራስ ብቻዋን አትተውም» የሚለውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ከወለደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነሳ ሴት ራሷን ልትስት ትችላለች። ደም ቀንሷል፣ ሆድ ባዶ ሆኗል፣ አልተኛችም። በዚህ ላይ ሙቅ ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። መታጠቢያ ቤት ሲሚንቶ ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸው የተፈነከተ አራሶች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አልጋዋ ላይ ቁጭ ትበል፣ ጥቂት ትቆይ፣ አጥሚት ወይም ሻይ ትጠጣ፣ ከዚያ ሰው ይዟት ትነሳ። በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። እኛ አራሷን ያነሳናት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁለቱ እናቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት።

አማቷ ስለ ቦለቅያ ጠየቁኝ። ከአራስ ቤት ሳትወጣ በጢስ ሙቀት ሊያሞቋት አስበዋል። የሚጤሰው እንጨት፣ ወይባም ተዘጋጅቷል። ይሄ ወሎ ውስጥ የተወደደ ነገር ነው፣ ሴቶቹም ደስ ይላቸዋል። እኔ ያልኳቸው አሁን አይሁን ነው። ቁስሉ ሳይድን፣ ደሙ ሳይቀንስ፣ ሙቀቱ ግፊቷን ያወርደዋል፣ ያዞራታል። ሕፃኗ ደግሞ በምንም መንገድ ጢስ ያለበት ክፍል አትግባ። ዳማከሴውን ግን ያሽቱት፣ ይቀቡት፤ ብልት አካባቢና ሕፃኗ ላይ ብቻ አይሁን። ቅቤውንም እንዲሁ፦ ራሷ ላይ ይሁን፣ እትብት ላይና ሕፃኗ አፍ ውስጥ አይሁን። ለሕፃኗ የሚበቃት እንገሩ ነው። ለእትብቷ ጀርም የሚገድል ክሎርሄክሲዲን የሚባል ቅባት ሰጠን፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ7 ቀን። ይህ ቅባት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ይጎዳል። የዓይን ቅባት ቱቦ ይመስላል፤ ስለዚህ ለማን፣ የት እንደሚቀባ እናቲቱም አማቷም ደግመው እንዲነግሩኝ አደረግኩ።

ወደ ቤት

ከሰዓት በኋላ መኪና አግኝተው ሊሄዱ ፈልገው ነበር። አልፈቀድንም፤ ማንኛዋም ወላድ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለባት፣ እሷ ደግሞ ደም ፈሷታል። ገንፎው ተበላ፣ ቡናው ተፈላ፣ አደረች። ሕፃኗ የታጠበችው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው፣ ጢስ በሌለበት በሞቀ ክፍል፣ በአማቷ እጅ። እሳቸውም ያንን የመጀመሪያ ማጠብ አልተነጠቁም።

ለቤት የሰጠነው ምክር ረጅም አልነበረም። ሞዴሱ ወይም ጨርቁ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይቀየር፤ ከተበላሸ ከዚያም በፊት። ከመቀየሩ በፊትም በኋላም እጅ ይታጠብ። ሽንት ቤት በሄደች ቁጥር በለብታ ውሃ ትታጠብ። የጨርቅ ነገር ግን ብዙ ማውራት ያስፈልገዋል። ሴቶቻችን የደም ጨርቅ ሰው እንዳያየው ጓዳ ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር ነው የሚያሰጡት። እዚያ አይደርቅም፣ ይሻግታል። በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መዋል አለበት። ማፈሯ ከከበዳት ከላዩ ስስ ነጠላ ጣል ታድርግበት። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ ደግሞ በከሰል ካውያ ይተኮስ። ይሄንን ያለችው አራሷ ራሷ ናት፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ሞዴስ 1 ሰዓት ሳይሞላ ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ሳይውል ሳያድር ይምጡ አልናቸው። የነገርነው ለአራሷ ብቻ አይደለም። ባሏ ሲመጣ እሱም ቁጭ ብሎ ሰምቷል። ስልኩን ይዞ አምቡላንስ የሚጠራው እሱ ነው።

ምን ቀየርን

ከዚያ ሳምንት በኋላ ባልደረቦቼ ተሰብስበን ተወያየን። ማንም አልተወቀሰም። የመጣው ነገር ሦስት መስመር ነው፤ በርክክብ ወረቀቱ ላይ በእጅ የተጻፈ፦ ሸንታለች? ታጥባለች? ከሥሯ ያለው ጨርቅ ወጥቶ ታይቷል? የሽንቱ ጥያቄ ከወለደች 6 ሰዓት ሳይሞላ መልስ ማግኘት አለበት። ለአራሶች ክፍል አንድ ፖፖ፣ አንድ ሳፋና አንድ ማንቆርቆሪያ ለብቻ ተመደበ። የመጋረጃው ጨርቅ ቀድሞም ነበር፤ የጎደለው የሚሰቀልበት ሽቦ ብቻ ነበር።

ለቤተሰብ የምንነግረውም ተቀየረ። ድሮ «አስታማሚዎች ውጪ ጠብቁ» ነበር የምንለው። አሁን አንዲት ሴት ትመረጣለች፣ እናት ወይም አማት ወይም ጎረቤት። ጨርቁን ስትቀይር እንዳትደርብ፣ የወጣውን ሳታጥብ እንድታሳየን እንነግራታለን። ማህፀን መዳሰስ እናሳያታለን። በሌሊት አንዲት አዋላጅ ብቻ ባለችበት ቤት ይሄ ትርፍ ሥራ አይደለም። የአዋላጇ ምርመራ ግን በዚህ አይተካም፤ ይሄንንም ግልጽ አድርገናል።

ያልተፈታው ውሃው ነው። ሮቶው በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ግን ቀኑን ሙሉ የሚበቃ ውሃ አይኖርም። መጸዳጃውም አሁንም ከግቢው ጀርባ ነው። ከአራሶች ክፍል ጋር የተያያዘ ትንሽ መታጠቢያና መጸዳጃ እንዲሠራ ጠይቀናል። መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያ በየምሽቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ ለአራሶች ተብሎ ይቀመጣል፤ ለሌላ ሥራ ማንም አይነካውም።

አራሷን በ3ኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ሄዳ አየቻት። በ7ኛው ቀን ከአማቷ ጋር ራሷ መጣች። ትኩሳት የለም፣ ሰንጠቁ ድኗል፣ ደሙ ቀንሶ ቀለሙ ፈዝዟል። የዓይኗ ሽፋን ውስጡ ገና ነጣ ስላለ (የደም ማነስ ምልክት ነው) የአይረን ኪኒኗን እንዳታቋርጥ፣ ከምግቡም ምስርና ጎመን እንዲጨመርላት አማቷን አደራ አልን። ሕፃኗ 3.2 ኪሎ ሆናለች፤ ለክትባቷ በ45ኛው ቀን ተቀጥራለች።